የአቡጀዲድ ቀረጥ፤ ነጻ ንግድና የንግድ ጥበቃ በኢትዮጵያ የጨርቅ ገበያ

ነጻ ንግድ ይሻላል ወይስ የአገር ውስጥን ሥራ በቀረጥ መጠበቅ ይሻላል የሚለው ክርክር በክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ብዙ ጊዜ ይነሣል። በተነሣም ቁጥር እንደ ልማድ የሚጠቀሰው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ያቀረበው የእንግሊዝና የፖርቱጋል ምሳሌ ነው። በዚያ ምሳሌ እንግሊዝ የዓመት ጨርቋን ለመሥራት የ100 ሰው፣ ወይኗን ለመጥመቅ የ120 ሰው ጉልበት ያስፈልጋታል፤ ፖርቱጋል ግን ጨርቁን በ90፣ ወይኑን በ80 ሰው ትሠራለች። ፖርቱጋል በሁለቱም ሥራ ብትበልጥም እንኳ ወይኑን ብቻ ጠምቃ ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ ሁለቱም አገሮች ያተርፋሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ልንነቅፈውም አልተነሣንም። ነገር ግን ጨርቁን ይሠሩ የነበሩት 90 ፖርቱጋላውያን በማግሥቱ ወይን ጠማቂዎች ሆነው እንደሚያድሩ ያለ ክርክር ታስቦ ታልፏል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው የታለፈው ነገር ነው።

ስለዚህም ምሳሌውን ከፖርቱጋል የወይን ቦታ አንሥተን ወደ አገራችን ገበያ ለማምጣት አስበናል። ለዚህ ከአቡጀዲድ የተሻለ ዕቃ አላገኘንም። አቡጀዲድ ያልነጣ፣ ጌጥ የሌለው፣ ነገር ግን ጠንካራ የሆነ በመኪና የተሠራ የጥጥ ጨርቅ ነው። ገበሬው ሱሪና እጀ ጠባብ ያሰፋበት ነበር፤ ወታደሩ ድንኳን ያደርገው ነበር፤ ሙትም ይገነዝበት ነበር። እንግዲህ የአቡጀዲድ ዋጋ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የሚነካው ተራው ሕዝብ ነው ማለት ነው። (ዓ.ም. ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የውጭ አገር ታሪክ በምናነሣበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ብለናል።)

አቡጀዲድ በመጀመሪያ በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሜሪካ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መሪካኒ የሚል ስም የወጣለትም ከዚሁ የተነሣ ነው። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አንደኛው ምክንያት የአሜሪካ ጨርቅ በዚህ አገር አስቀድሞ ሰፊ ገበያ ማግኘቱ ነበር። ስኪነር የመጣው ግን ነጻ ንግድ ከሚሠራበት አገር አልነበረም። አሜሪካ በዚያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣው የዲንግሊ ሕግ መሠረት ቀረጥ በሚከፈልባቸው የውጭ ዕቃዎች ላይ በአማካይ ከመቶ 40 በላይ ታስከፍል ነበር። ቡና ግን ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አሜሪካኖች ቡና አያበቅሉም። ጥሬውን ዕቃ በሰፊ በር፣ የተሠራውን ዕቃ በጠባብ በር ማስገባት የብዙ ባለ ፋብሪካ አገሮች ልማድ ነው።

ለኢትዮጵያ ዋናው ውል የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. የፈረንሣይ መልእክተኛ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ በአዲስ አበባ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በዚህ ውል ወደ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ በወይን ጠጅና በአንዳንድ መጠጦች ላይም ከመቶ 8 እንዲሆን ተወሰነ። ሌሎቹም መንግሥታት ለአንዱ የተሰጠው ለሁላችን ይገባል በማለት በዚሁ ውል ተጠቀሙ፤ ለምሳሌ እንግሊዞች ከሌላው አገር ያላነሰ መብት ይኑረን የሚለውን ቃል በ1889 ዓ.ም. በሮድ ውል ውስጥ አስገብተውት ነበር። ውሉ የውጭ አገር ዜጎች በቆንስላቸው ፊት የሚዳኙበትንም መብት የያዘ ስለ ሆነ በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በዚህ በዳኝነቱ ክፍል ነው። እኛ ግን የቀረጡ አንቀጽ ከዳኝነቱ አንቀጽ ያላነሰ ክብደት አለው ብለን እናምናለን። በእርሱ መሠረት የገበሬው አቡጀዲድ ከመቶ 10 ሲከፍል፣ የመኳንንቱና የውጭ አገር ሰዎች ወይን ከመቶ 8 ይከፍል ነበር። እንዲህ ያለውን የቀረጥ ሠንጠረዥ ለኢትዮጵያ ሲል የሚጽፍ ሰው አይገኝም።

ከመቶ 10 በራሱ ለዚያ ዘመን እጅግ ትንሽ ነው ለማለት አይደለም። ችግሩ አለመንቀሳቀሱ ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው ከፍ ሊያደርገው፣ ለፋብሪካ የሚሆን መሣሪያ ሲመጣ ዝቅ አድርጎ በቅንጦት ዕቃ ላይ ሊጨምረው አይችልም ነበር። በሌላ በኩል ነጻነቱ በውጭው በር ብቻ የተወሰነ ነበር። የአገሩ ነጋዴ ጥጥ፣ ማር ወይም እህል ጭኖ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ይከፍል ነበር፤ እንደ ውጭ አገሩም ነጋዴ የሚጮህለት ቆንስል አልነበረውም። እንግዲህ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ነጻ ንግድ ከውጭ ወደ ውስጥ ነጻ፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ ግን እስረኛ የሆነ ንግድ ነው።

ጉምሩክ ሊሠራው ያልቻለውን አጥር ለጊዜው መንገዱ ሠርቶት ነበር። ከጠረፍ እስከ መካከለኛው ደጋ ድረስ ጨርቅ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ተጉዞ ሲደርስ ዋጋው በጉዞው ብቻ ከፍ ይላል፤ ይህም ለአገሩ ሸማኔ ማንም ሳያውጅለት የተሰጠ ጥበቃ ነው። የኢልግና የሸፍኔ የባቡር ኮንትራት በ1886 ዓ.ም. ከተሰጠ በኋላ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያ አጥር በሸዋና በሐረርጌ በኩል ፈረሰ። ባቡር ያልነካቸው ጎጃምና ጎንደር ግን ከአጥሩ ውስጥ ቆዩ። ስለዚህ ስለ ቀረጥ ስንናገር ስለ መንገድ ኪራይም መናገር አለብን፤ ለገዢው ሁለቱም አንድ ዋጋ ሆነው ነውና የሚደርሱት።

አሁን ወደ ሪካርዶ 90 ሰዎች እንመለስ። የመኪና ጨርቅ ሲገባ የአገሩ ሸማኔ ምን ሆነ? ብዙዎቻችን ስንሰማ ያደግነው ሸማኔው ጠፋ የሚለውን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ማየት ያስፈልጋል። ጥጡን መፍለቅና መዳመጥ፣ በደጋን ነድፎ ባዘቶ ማውጣት፣ ከዚያም በእንዝርት መፍተል የሴቶች ሥራ ነው፤ በጉድጓድ ተቀምጦ መወርወሪያ እየወረወረ የሚሸምነው ወንዱ ነው። አንድ ሸማኔ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ፈትል ለማዘጋጀት ፈታይዋ ብዙ ቀን ትደክማለች። ስለዚህ በጠቅላላው ሥራ ውስጥ አብዛኛው ድካም የፈታይዋ ነው።

ከውጭ የመጣውም ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ የመኪና ክርም መጣ። ይህ ክር ጠንካራና እኩል ስለ ሆነ በመወጠር አይበጠስም፤ ስለዚህ ሸማኔው ለድሩ የመኪናውን ክር፣ ለማጉ ደግሞ በእጅ የተፈተለውን መጠቀም ጀመረ። ዛሬም ነጠላ ወይም ጋቢ የሚለብስ አንባቢ ልብሱን አገላብጦ ቢመለከት ይህንኑ ያገኛል፤ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእንዝርት ነው። ከዚህ የምንረዳው ያ የውጭ ዕቃ በር አንድን ሰው ጎድቶ ሌላውን መጥቀሙን ነው። ሸማኔው ርካሽና ጠንካራ ድር ስላገኘ ሥራው ፈጠነለት፤ ገበሬውም ለዘወትር የሚለብሰው አቡጀዲድ አገኘ፤ ሸማኔው አቡጀዲድ ወደማይተካው ወደ ነጠላ፣ ወደ ኩታና ወደ ጥበብ አዘነበለ። የድሩን ፈትል ያጣችው ግን ፈታይዋ ናት። እርስዋም በቤቷ ተቀምጣ የምትሠራ ስለ ሆነች አቤቱታ አላቀረበችም፤ በማንኛውም ውል ላይ ስሟ አልተጻፈም። ሸማኔውስ ቢሆን ከድሮ ጀምሮ ሙያው ሲናቅ የኖረ ሰው ነበር፤ የእጅ ሥራን የሚንቅ ኅብረተሰብ ለእጅ ሠራተኛ ብሎ ቀረጥ ሲያቆም አይታይም። ይህ ንቀት ከክሎቡኮቭስኪ ጋር በመርከብ የመጣ አይደለም፤ የራሳችን ነው።

ውሉ ባይኖር ኖሮ በዚያን ጊዜ የጨርቅ ፋብሪካ በአገራችን ይቆም ነበር የሚሉ አሉ። ይህን ሐሳብ ለመመዘን ጃፓንን ማየት ይበቃል። ጃፓንም እንደ እኛ ታስራ ነበር፤ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1858 እና በ1866 ከኃያላን መንግሥታት ጋር በተዋዋለቻቸው ውሎች መሠረት ቀረጧ ወደ ከመቶ 5 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ይኸውም የኛ እኩሌታ ነው። ሙሉ የቀረጥ ሥልጣኗን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ነገር ግን ኦሳካ የሚገኘው ትልቁ የፈትል ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1883፣ ይኸውም እጇ ታስሮ ሳለ ነው። ጃፓኖች በቀረጥ ሊያደርጉት ያልቻሉትን በሌላ መንገድ አደረጉት፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ባቡርና ወደብ ሠሩ፣ ወደ ውጭ በሚላክ ክር ላይ የነበረውን ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከውጭ በሚገባው ጥሬ ጥጥ ላይ የነበረውን በ1896 አነሡ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአሜሪካኑን አቡጀዲድ ከኢትዮጵያ ገበያ ያስለቀቀውም የጃፓን ጨርቅ ነው። ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል በኅዳር 1923 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደዚያ አገር ተልከው ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚባል መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረቡ።

ስለዚህ የኛ ፍርድ እንዲህ ነው። የ1900ው ውል የነጠቀን ፋብሪካ ሳይሆን የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢና የመምረጥ ሥልጣን ነው። በከፍተኛ ቀረጥ ብቻ ፋብሪካ አይበቅልም ነበር፤ ግን በቀረጥ ገንዘብ መንገድና ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችል ነበር፤ ጃፓኖችም ከፋብሪካቸው በፊት የሠሩት እነዚህን ነው።

የጃፓን ጨርቅ በየአገሩ በርካሽ መሸጡ ሌላም ነገር ያሳየናል። እንግሊዝ የላንካሺርን ፋብሪካዎች ለማዳን ስትል እ.ኤ.አ. በ1934 በብዙ ቅኝ ግዛቶቿ ውስጥ የጃፓን ጨርቅ በመጠን ብቻ እንዲገባ ወሰነች። በእነዚያ አገሮች የነበረው ድኃ ልብሱን በውድ እየገዛ የላንካሺርን ሠራተኛ ደመወዝ ከፈለ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ገበሬ ርካሹን ይገዛ ነበር። ጥበቃ ማለት ሁልጊዜ የራስን ሕዝብ መጠበቅ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ላንካሺር ራሱም የነጻ ንግድ ልጅ አይደለም። የህንድ ባለ ቀለም ጨርቅ እንግሊዝ አገር እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ1700፣ እንዳይለበስም በ1721 በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ የእንግሊዝ የጥጥ ሥራም ያደገው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ጠንክሮ ከቆመ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1896 በህንድ አገር ፋብሪካዎች በሚሠሩት ጨርቅ ላይ ከመቶ 3 ተኩል የሆነ የውስጥ ግብር የተጣለው የላንካሺር ጨርቅ ከሚከፍለው ቀረጥ ጋር እንዲተካከል ተብሎ ነው። ከዚህ ጋር የሚስቅ አንድ ወሬ እናንሣ። የነጻ ንግድ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1778 በስኮትላንድ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ነበር። የተከለከሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ካነበበ በኋላ የልብስ ሣጥኑን ቢከፍት የአንገት ማሰሪያውና መሐረቡ ሳይቀር ከሞላ ጎደል የተከለከለ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህም አቃጠላቸው። ይህን ራሱ በደብዳቤ ጽፎታል።

በአገራችንም ስለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ የጻፈው ሰው የጉምሩክ ሹም መሆኑ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኖ ሠርቷል፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ፣ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ድካም እንደሚቀበል ያስረዳል። ሪካርዶ አገሮቹን በሥራቸው ልዩነት ያመዛዝናቸዋል፤ ገብረ ሕይወት ግን ልዩነቱ ከየት እንደ መጣና ሳይጠፋ ቢቀር ምን እንደሚያስከትል ይጠይቃል። እርሱ በየቀኑ በባቡሩ ጣቢያ የሚወርደውን ጨርቅና የሚጫነውን ቡናና ቆዳ ሲቆጥር የኖረ ሰው ስለ ሆነ ጥያቄው ከወረቀት የመጣ አይመስለንም።

መንግሥትም ከውሉ መውጫ መፈለጉ አልቀረም። በ1923 ዓ.ም. የፍጆታ ግብር የሚባል ሕግ ወጣ። ቀረጡ በውል የታሰረ ነው፤ ዕቃው ከገባ በኋላ በሚበላውና በሚጠጣው ላይ የሚጣል ግብር ግን ቀረጥ አይደለም የሚል ክርክር ነበር። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ወዲያው ተቃወሙ። በህንድ አገር የውስጥ ግብር የአገሩን ፋብሪካ ለማዳከም ሲያገለግል፣ እዚህ ግን አንድ ነጻ መንግሥት የታሰረ እጁን የሚፈታበት መሣሪያ ሆኖ መታየቱ ለንጽጽር ይጠቅማል። ክርክሩ ሳይጠራ የጣልያን ወረራ መጣ።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የክሎቡኮቭስኪ ውል ተመልሶ አልቆመም። ቀረጥ የመወሰን ሥልጣን በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ መንግሥትም ተጠቀመበት። በወረራው ዘመን በድሬዳዋ ከተተከለው የጥጥ ፋብሪካ በተጨማሪ በአቃቂ ከህንዶች ጋር በሽርክና፣ በባሕር ዳር ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ ፋብሪካዎች ቆሙ። ስኳርንም እንደ ተጨማሪ ምሳሌ ብንወስድ የሆላንዱ ኤች. ቪ. ኤ. ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ተዋውሎ የወንጂን ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ጥቅሙ አይካድም። ድሮ ከብት ይጠብቅ የነበረ ወጣት መኪና ማንቀሳቀስና መጠገን ተማረ፤ ለጥጥ አምራች የቅርብ ገዢ ተገኘ፤ መንግሥትም ከፋብሪካው ግብር አገኘ።

ወጪውስ? የቀረጥ አጥር ያለበት አገር ሸማች ለአቡጀዲዱ ከውጭው ዋጋ በላይ ይከፍላል፤ ልዩነቱም የፋብሪካው ድጎማ ነው። ይህ ድጎማ በበጀት ላይ ስለማይጻፍ ማንም አያየውም፤ ከማንኛውም ግብር የሚለየው በዚህ ነው። ሁለተኛው ወጪ በሸማኔው ላይ ይወድቃል። ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ክሩም ከአጥሩ ውስጥ ከሆነ፣ ከዶርዜ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ተቀምጦ የሚሸምነው ሰው ድሩን ፋብሪካው በቆረጠለት ዋጋ ይገዛል። በነጻው ንግድ ዘመን ርካሽ ድር አግኝቶ የነበረው ሸማኔ በጥበቃው ዘመን ከፋይ ሆነ ማለት ነው። የአገር ኢንዱስትሪ ሲባል የፋብሪካው ጢስ ማውጫ እንጂ የሸማኔው ጉድጓድ በማንም ዓይን አይታይም ነበር። እኛ ጥበቃውን በጠቅላላው አንቃወምም፤ የምንቃወመው ጊዜ ያልተወሰነለት መሆኑን ነው። ልጅን አዝሎ ማሳደግ ተገቢ ነው፤ መቼ እንደሚወርድ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ንብረት ከሆኑ በኋላ ጥያቄው ጨርሶ ቀረ፤ ባለቤቱም፣ ቀራጩም፣ ዋጋ ቆራጩም አንድ መንግሥት ሆነና።

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ጉዞ ተጀመረ። በየጊዜው በተደረጉት ማሻሻያዎች ከፍተኛው የቀረጥ መጣኝ ከመቶ 230 ወደ ከመቶ 35 ወረደ፤ በ1995 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመለከተች። የአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ጨርቅ ከእስያ ጨርቅና ከጠረፍ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ሰልባጅ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ግን የተሠራው በሌላ ሐሳብ ነው፤ ለውስጥ ገበያ ሳይሆን ያለ ቀረጥ ለሚቀበል የውጭ ገበያ ለመስፋት። ያ ዕድል አሜሪካ አጎዋ በሚባለው ሕግ የሰጠችው እንጂ በስምምነት የተያዘ መብት አልነበረም፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ በነበረው ጦርነት ምክንያት በራሷ ውሳኔ አነሣችው፤ ከዚያም የተነሣ ለዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ወጣት ሴቶች ሥራ አጡ። በ1900 ዓ.ም. ቀረጣችንን የወሰነው ውል ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ የወሰነው የሌላ አገር ሕግ ነው። እዚህም ላይ የተጎዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ እንደ ድሮዋ ፈታይ።

በሽሮ ሜዳ በኩል ደግሞ ክርክሩ በአዲስ መልክ መጥቷል። በመኪና የታተመ የጥበብ አምሳያ ከውጭ እየገባ በእጅ ከተሠራው ጎን ይሰቀላል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። ሸማኔዎቹ ይከልከልልን ቢሉ እንረዳቸዋለን። ሆኖም ለበዓል ቀሚስ የምትገዛው እናት በርካሹ ትለብሳለች፤ ጥበቃው የሚያስከፍለው እርስዋን ነው። መንግሥት ለሸማኔው ሊያደርግለት የሚችለው ቀላሉ ነገር የአምሳያውን ጨርቅ ከመከልከል ይልቅ በድሩ ክር ላይ ያለውን ቀረጥና ግብር ማንሣት ይመስለናል፤ የሚከፍለውም ግምጃ ቤቱ እንጂ ገዢዋ አትሆንም። ማጉን የምትፈትለው ሴት ግን በዚህም ውሳኔ ውስጥ ገና ቦታ አላገኘችም።